ብሬክ የሌለው ሞተርና የእኔ እሺ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ሞተሩን ዞር ዞር ብዬ ካየሁት በኋላ በሙሉ ልቤ፣ «ሄለን፣ ብሬኩን ሰርቀውሻል!» አልኳት። ሌክ ሲቲ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ብሬክ ስቀይር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ብሬክ ጎድሎ አይቼ ዝም ማለት አልችልም።

ሄለን እዚሁ ውጭ አገር ቢከን ሂል ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ የአፈር ሜዳ ላይ በሞተርሳይክል የምትወዳደር ልጅ ናት፤ እኔ ሜካኒኳ ሆኜ መቀጠሬ ነው። ሳቋ አላስቆም ብሏት መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ ኖ ብሬክስ! ሲሠራም የለውም።» ከጎናችን ያሉት ቡድኖች ሁሉ ሰሙ።

ቀስ በቀስ ገባኝ። ሜዳው ረጅም ሞላላ ነው፤ የሚታጠፈው ወደ ግራ ብቻ። ነጂዋ ኩርባው ላይ ከሥሩ ብረት ያለውን የግራ ጫማዋን መሬት እያስነካች ጋዝ፣ ማለትም ነዳጅ ትሰጣለች፤ የኋላ ጎማው ተንሸራቶ ሞተሩን ያዞረዋል። እኔ በየውድድሩ መሀል ጭቃ እጠርጋለሁ፣ ሰንሰለት አጠብቃለሁ። አንድ ቀን የብረቱን ጫማ ቀኝ እግሯ ላይ ላስር ስታገል «ጋሼ፣ ፕሊስ» ብላ ተቀበለችኝ።

አባቷ ጋሽ ግርማ ጡረታ ወጥተው ሬንተን ይኖራሉ። አንድ ቅዳሜ ክንዴን ይዘው ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዱኝ።

«ያለችኝ እሷው ብቻ ናት። ሳትነግራት የሞተሩን ጉልበት ትንሽ ቀንስልኝ፤ በሞቴ!»

በሞቴ ያሉኝን ሽማግሌ እምቢ የምልበት አንደበት ከየት ላምጣ? «እሺ፣ ምን ችግር አለው» አልኩ። አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ይቀድማል።

ሶ፣ ከጎናችን ያለውን አንጋፋ ሜካኒክ ዘዴውን ጠየቅኩት። «አብደሃል?» አለኝ። «ኩርባው ላይ ጉልበት ካጣች ጎማው አይንሸራተትም፤ በቀጥታ አጥሩ ውስጥ ትገባለች።» ሞተሩን አልነካሁትም። ይህን ለጋሽ ግርማ መናገር ግን አፈርኩ። «ቀነስክልኝ?» ሲሉኝ «በደንብ!» እላለሁ፤ እሳቸውም ይመርቁኛል። ያልሠራሁበትን ምርቃት ስሰበስብ ከረምኩ።

በፍጻሜው ውድድር ቀን ሄለን ልትሰለፍ ስትል አባቷ ተጠጓት። «አይዞሽ ልጄ፣ እሱ ጉልበቱን ቀንሶልኛል።»

ሄልሜቷን እንዳደረገች ወደ እኔ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ጋሼ፣ ትሩ ነው፣ እውነት? ጋዝ ስሰጠው እሺ ይለኛል?»

ሞተሩን ካላመነችው ፈርታ ጋዝ መስጠቱን ትተዋለች፤ ከተወች አጥሩ ይጠብቃታል። አባቷ አጠገቤ ቆመዋል።

«አልነካሁትም» አልኩ። «እሳቸውን ዋሽቻቸው ነው።»

«ሹር? እርግጠኛ ነህ?»

«እናቴ ትሙት!»

አልፈርድባትም፣ የውሸታም መሐላ ማን ያምናል? የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ጋዝ መስጠቱን ተወችው። ሞተሩ ወደ አጥሩ ሲወጣ እኔና ጋሽ ግርማ እኩል ጮኽን። ለጥቂት ዳነች። መልሳ ጋዝ ስትሰጠው ግን ሞተሩ እሺ አላት፤ ቀጣዩ ኩርባ ላይ አምናው ጋዙን ሙሉ ከፈተችው። ከኋላ ተነሥታ ሦስተኛ ወጣች፤ ያ ኩርባ ባይኖር ዋንጫው የሷ ነበር።

ጋሽ ግርማ ወደ እኔ ዞረው፣ «ለምን እሺ አልከኝ?» አሉኝ።

«እምቢ ማለት አፍሬ ነው፣ ጋሼ።»

«እምቢ ብትለኝ ተቆጥቼ ቤቴ እሄድ ነበር። ሌላ ምን አደርግህ ነበር?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ለጀማሪ ሜካኒኮች የምለው ይህን ነው፦ ስለ ሞተሩ እሺም ሆነ እምቢ የሚባለው ለሚነዳው ሰው ነው።