ሁለተኛው የኋላ ሞላ

«ጓ!» አለ ከኋላ። ዛሬ ኤረር በር አጠገብ የመኪናዬ የኋላ ሞላ ተሰበረ። በስድስት ወር ውስጥ ሁለተኛው ነው።

እየተንፏቀቅኩ ጋራዥ ደረስኩ። ሰፈሩ ሐጂ የሚላቸው ሽማግሌ መካኒክ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ወላሂ፣ ይሄ ቶሎ የሚሰበር ሞላ አልነበረም። ምንድን ነው የምትጭኚበት ልጄ?» አሉኝ።

«ምንም። ሁሌም ብቻዬን ነኝ።»

የኋላውን ሲከፍቱት አምስት ጀሪካን ውሃ! ለካ መቶ ኪሎ የሚጠጋ ውሃ ይዤ ነው ትምህርት ቤት ሄጄ የማስተምረው። (ሐረር ውስጥ ውሃ በተገኘ ቀን ባዶ ጀሪካን እንደማይተርፍ ታውቃላችሁ።)

«ለምን አታወርጂውም?»

ድሮ ከጎረቤቴ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን ነበር የምናወርደው። እሷ ወደ ደሴ ከተዛወረች ወዲህ ወገቤ ስለማይችል የዕለቱን ብቻ በባልዲ እየቀነስኩ እገባለሁ።

ለሐጂ ግን «እረሳዋለሁ» አልኳቸው።

አዲስ ሞላ ገጥመው ጀሪካኖቹን መልሰው ጫኑልኝ። «በይ፣ ቤት ስትደርሺ የቤት ሰው ጥሪና አውርዱት» አሉኝ።

አሁን አቦከር ሰፈር፣ ቤቴ በር ላይ አቁሜ ነው ይሄን የምጽፈው። የቤቱ ሰው እኔው ነኝ።

የእናንተንስ ሞላ የሰበረው ምንድን ነው? ጻፉልኝ፣ ገና ከመኪናው አልወረድኩም።