ቶሎ የሚጨርሰው ማሽን

ይህን ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። እናንተ ስሙኝ።

ከሻርጃ ስመለስ ሁለት የፖሊሽ ማሽኖች ይዤ መጣሁና ሐይቅ ከተማ፣ ውኃው ከሚታይበት መንገድ ዳር፣ መኪና ማጠቢያ ከፈትኩ። አንደኛው ማሽን ቀጥ ብሎ በኃይል ይሽከረከራል፤ ጥልቅ ጭረት ቶሎ ያነሳል፣ አንድ ቦታ ካቆዩት ግን ቀለሙን ያቃጥላል። ሌላው እየዞረ ይርገበገባል፤ ያዘግማል እንጂ ቀለም አይጎዳም። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ማወቄ ነው ጥፋቴን የሚያከብደው።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሰፈራችን ሰው ጋሽ አያሌው ለሕክምና አዲስ አበባ ነበሩ። ጥቁር ሰማያዊ መኪናቸውን ጎረቤታቸው ሁሴን ወደ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነድቶ እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ደበቀላቸው። ሰላም ሲሆን መኪናዋ ተቧጭራ፣ ግን በደህና ተመለሰች። ጋሽ አያሌው ሁሴንን አቅፈው አለቀሱ።

"የልጄን የሠርግ መኪና የምትነዳው አንተ ነህ" አሉት።

ለሠርጉ እንድትወለወል እኔ ጋ አመጧት። ሁለቱንም ማሽኖች ኮፈኑ ላይ ሞከርኩ። አዝጋሚው ጭረቱን በደንብ ያነሳ ነበር። ግን ከሰዓት በኋላ ዘሃራን፣ ያኔ እጮኛዬን፣ ላገኛት ቀጥሬያለሁ። ቸኮልኩ። ፈጣኑን አነሳሁ። እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ማንም አላስገደደኝም። የኮፈኑ ጠርዝ ተቃጠለና ከቀለሙ ሥር ያለው ግራጫ ብቅ አለ።

"ይሄ ምንድነው ልጄ?" አሉ ጋሽ አያሌው።

"ሁሴን ሲደብቃት ድንጋይ ፍቋት ነው ጋሼ። ጭቃው ሸፍኖት ነበር" አልኩ።

እንዴት እንዲያ ቶሎ መጣልኝ? ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም።

ሁሴን ሲጠየቅ፣ "ወላሂ አላየሁም። ካደረግኩም አፉ በሉኝ ጋሼ" አለ። ያላጠፋው ይቅርታ ጠየቀ፤ ያጠፋሁት እኔ ዝም አልኩ። ጋሽ አያሌው ግን ተቀየሙት፤ በሠርጉ ዕለት መሪውን ሌላ ሰው ጨበጠ። ሁሴን መንገድ ዳር ቆሞ ሲያጨበጭብ አየሁት። እኔም አጠገቡ ቆሜ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ አላህ ኑሮዬን አሳምሮልኛል። ዘሃራን አገባሁ፣ ልጆች አሉን፣ ሥራዬም ሞቅ ብሏል። ጠዋት ጠዋት ሐይቁን እያየሁ በሬን ስከፍት ደስ ይለኛል። ሁለቱ ጎረቤቶችም ታርቀዋል፤ ለግሸን ንግሥ ጋሽ አያሌውን እስከ ተራራው ግርጌ የሚያደርሳቸው ሁሴን ነው። ሰሞኑን የራሱን ሚኒባስ ገዝቶ እንድወለውልለት አመጣልኝ።

"ለሌላ ሰው አላምናትም፣ አንተ ጥንቁቅ ነህ" አለኝ።

ታርቀዋል ብዬ ልተወው? እርቁ የእነሱ ደግነት ነው። የእኔ ውሸት ግን እስከ ዛሬ ሁሴን ላይ እንደተለጠፈ ነው።

ልጅ ነበርኩ አልልም። የጦርነት ጊዜ ነበር፣ ልቤ ተረብሾ ነው አልልም። ቸኩዬ አበላሸሁ፣ ፈርቼ ዋሸሁ፣ ሰው ላይ አላከክሁ። ሚኒባሱን ሊወስድ ሲመጣ ጋሽ አያሌውም እንዲመጡ ለምኛቸዋለሁ። ለሁለቱም ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። አፉ ካሉኝ አልሃምዱሊላህ። ካላሉኝም እውነት አላቸው።