ከክፍል ያስወጣሁት ሰው

ኮሮና ዩኒቨርሲቲውን በዘጋበት ጊዜ ኮልፌ ካለው ቤቴ ሆኜ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ስል፣ ስልኬን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፌ እጮህ ነበር ማለቴ ነው። ከግድግዳው ማዶ የብረት በር የሚሠራ ጎረቤት አለኝ፤ እሱ ብረት መቁረጥ ሲጀምር እኔ ዝም እላለሁ፣ እሱ ሲያርፍ እኔ እቀጥላለሁ። ተማሪዎቼ ኔትዎርክ እንዳይጨናነቅ ካሜራቸውን ስለሚያጠፉ ስማቸውን እንጂ ፊታቸውን አላይም። ከስም ጋር ብቻ የሚውል ሰው ተጠራጣሪ ይሆናል።

መጠርጠሬም ያለ ምክንያት አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ የማናውቀው ሰው ሊንኩን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ገብቶ የስድብ መዓት አወረደብን። ከዚያ ወዲህ መምህርነቱን ትቼ ዘበኛ ሆንኩ። አንድ ዘግይቶ የሚገባ የወንድ ስም ነበር። ዝርዝሬ ላይ የለም። "ማን ነህ?" ስለው መልስ አይሰጥም። ሦስት ቀን ገባ፣ ሦስቱንም ቀን አስወጣሁት። በመጨረሻው ቀን እንዲያውም "ይሄስ ዐይን አውጣ ነው!" ብዬ ተማሪዎቼን አስቄአለሁ።

ሦስት ጊዜ የቀረ ተማሪ አይመረቅም የሚል ሕግ ነበር። ከእኔ ክፍል በዚህ ሕግ የወደቀችው ጎጃም ገጠር ወላጆቿ ዘንድ የሄደች አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ጎበዝ ነበረች። ሁለቴ ደወልኩላት፣ ስልኳ አይሠራም፤ ከዚያ በላይ አልደከምኩም። ዓርብ ጠዋት የወደቀችበትን ዝርዝር ለትምህርት ክፍሉ ላክሁ።

ከዚያ የቤት ሥራ ማረም ጀመርኩ። አንዱ ተማሪ በካታሎጉ ላይ የደራሲውን የአባት ስም አስቀድሞ ጽፏል። ተናደድኩ። "ፈረንጅ በአባቱ ስም ይመዘገባል፣ እኛ በራሳችን ስም ነው" እያልኩ በየዓመቱ የምጮኸው ለማን ነው? ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ስሙን ሳገላብጥ እጄ ቆመ። የክፍሉን ዝርዝር አወጣሁ። በተማሪዎቹ ሳይሆን በአባቶቻቸው ስም ላይ ጣቴን እያስኬድኩ ወረድኩ። ያ ዐይን አውጣ ያልኩት ሰው እዚያ ነበር። የልጅቷ አባት ነው። መተግበሪያው ሲመዘግብ የአባት ስም ያስቀድማል፤ ሌሎቹ የራሳቸውን ስም ሲያስቀድሙ እሷ እንደጠየቃት ሞልታለች፤ የእኔ ስልክ ደግሞ የሚያሳየው መጀመሪያ ያለውን ስም ብቻ ነው። "ማን ነህ?" ስል ወንድ የምጠይቅ መስሏታል፤ ዘግይቶ የመጣን ተማሪ ከክፍል በማስወጣት የታወቅሁ ስለሆንኩ፣ በማርፈዴ ተቆጣኝ ብላ ዝም ብላለች ማለት ነው።

ለኃላፊው ደወልኩ። "እስከ አስር ሰዓት በጽሑፍ ካመጣህ አመጣህ፤ ከዚያ በኋላ ከእጄ ወጥቷል" አለኝ። ስምንት ተኩል ሆኗል። ታክሲው የሚጭነው በግማሽ ስለሆነ የፌርማታው ሰልፍ ጥግ ዞሯል። ሰዓቴን አያለሁ፣ ሰልፉን አያለሁ፣ በልቤ ልጅቷን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከታክሲው እንደወረድኩ እየሮጥኩ በሩ ላይ ደረስኩ። ጥበቃው ሙቀት መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደግኖ ራሱን ነቀነቀ።

"ትኩሳት አለዎት ጋሼ።"

"ሮጬ ነው!"

"ይሁን፣ ጥላው ሥር ይረፉና እንደገና እንለካዎታለን።"

በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተቀምጬ የተሰቃየሁበት ጊዜ የለም። በረድኩ፣ ተለካሁ፣ ገባሁ። ኃላፊው ደብዳቤዬን አንብቦ ስሟን ከወደቁት ላይ ሰርዞ ከተመራቂዎቹ ጋር ሲጽፍ ለአስር ሩብ ጉዳይ ነበር።

እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሜ ከመዝገቧ ላይ ያገኘሁትን የአባቷን ቁጥር ደወልኩ።

"ማን ልበል?"

"የልጅዎ መምህር ነኝ፣ አባቴ።"

"እግዜር ይስጥልኝ! ልጄ የአጎቷን ስልክ ይዛ ኮረብታው ላይ ናት፤ ትምህርቱ የሚገኘው ከዚያ ነው። ግን አንድ ሰው ያስወጣኛል እያለች ስታለቅስ ከረመች። ማን ነው ብላት አትነግረኝም። እርስዎ ካወቁት ይቆጡልኝ።"

"አውቀዋለሁ" አልኳቸው። "እቆጣዋለሁ።"

ከዚያ እንደምትመረቅ ነገርኳቸው። "ዕድሜ ይስጥዎ፣ ክፉ አይንካዎ" ብለው መረቁኝ።