አስካለ አልተራበችም

የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነበር። እህቴ አስካለ ቀድማኝ ተነስታ ሁለት እንቁላል ቀቀለች፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ። የእሷን ለሁለት ገመሰችው። ግማሹን በሻይ ማንኪያ ጫፍ እየቆረሰች አፏ ውስጥ ውሃ እስኪሆን ታላምጠዋለች፤ ሌላ ቁራሽ ከማንሳቷ በፊት ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። እኔ የእኔን በሁለት ጉርሻ ውጬ ሻዬን ስጨርስ እሷ ገና መሃል ላይ ነበረች። ከዚያ አፍንጫዋ መፍሰስ ጀመረ። በሶፍት ጠረግ አድርጋ «በቃኝ» አለች።

«ጉንፋንሽ መጣ» አልኳት። በየቀኑ የምላት ነው።

«ሂድ ወደዚያ!» አለችኝ። እሷም በየቀኑ የምትለኝ ነው።

ቀዶ ጥገናውን ካደረገች ወዲህ ስትጠግብ አፍንጫዋ ይፈሳል። ሐኪሙ «አንዳንዱን ያስነጥሰዋል፣ አንዳንዱን ስቅ ይለዋል፣ ላንቺ በአፍንጫሽ ነው የሚነግርሽ፤ ሲነግርሽ ስሚው» ብሏታል። የቀረውን ግማሽ እንቁላል ከትንሽ አይብ ጋር በምሳ ዕቃዋ ያዘች። በሩ ላይ ዞር ብላ «ምስሩን ከውሃ አውጣው፣ እንዳይበላሽ» አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ይህን የምጽፈው ሰበታ ላላችሁ ጎረቤቶቻችን፣ ቡራዩ ላላችሁ ዘመዶቻችን፣ እንደ እኔም በሰው አገር አንድ አልጋ ተከራይታችሁ ለምትኖሩ ነው። ጽሑፍ አልችልም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ልጅ ነኝ። ግን በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የተባለውን ሰምቻለሁ፤ ዝም ልል ሞክሬ አልሆነልኝም።

ከሰበታ የወጣሁ ዕለት ማታ ዝናብ ነበር። እማዬ ከሱሉልታ የሚመጣላትን ወተት የምትሸጥበትን ሱቅ በጊዜ ዘግታ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብላ ነበር፤ ካልተቀመጡበት አልዘጋ ብሎ። ውስጡ ሽሮ፣ በሶ፣ ቋንጣና በሦስት ፌስታል የታሰረ ቅቤ አለ። ሁሉም የአስካለ ነው። የእኔ ሁለት ሱሪ ነበር።

«አደራ» አለችኝ እማዬ። «እህትህ ሆዷን ትወዳለች። እዚያ ብቻዋን ምን እንደምትበላ እንጃ። እንዳትራብብኝ።»

ኤርፖርት ያደረሱኝ ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ የዕድራችን ዳኛ። ስወርድ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ከራ ነጋ፣ ልጄ፣ መንገዱን ሰላም ያድርግልህ» አሉኝና መስኮታቸውን ዘጉ። ያን ጊዜ ነው መሄዴ የገባኝ።

እዚህ ስደርስ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ «ለምን መጣህ?» አለኝ።

«ለጉብኝት።»

«ምን ልትጎበኝ?»

«እህቴን።»

ቀና ብሎ አየኝና «እህትህ ሙዚየም ናት?» ብሎ ማኅተሙን መታልኝ።

የሻርጃ ሙቀት ሰበታ የምናውቀው ዓይነት ፀሐይ አይደለም። የታጠበ ብርድ ልብስ ሳይጨመቅ እንደ ደረቡባችሁ ቁጠሩት። አስካለ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ በመጀመሪያ አላወቅኋትም፤ በጣም ወፍራ ነበር። እማዬ ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ «ተመችቷታል» የምትለው ልጅ ጉልበቷን ይዛ ነበር የምትራመደው። በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። ሩዝና ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ከዚያ እንቅልፍ። «ከማን ጋር ልብላ? ብቻዬን ስበላ መቼ እንደሚበቃኝ አላውቅም» ብላኛለች አንድ ቀን። ስኳር በሽታም ይዟት ነበር።

ቀዶ ጥገናውን ሐኪሙ አዘዘላት፤ የመሥሪያ ቤቷ ኢንሹራንስ ሸፈነላት። ከጨጓራዋ አብዛኛውን ቆርጠው አወጡ፤ የቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ነው። እየሳቀች ገብታ እያቃሰተች ወጣች። የመጀመሪያ ቃሏ «ለእማዬ እንዳትነግራት» የሚል ነበር። «ጨጓራዬን ቆርጠው ጣሉት ብላት በሕይወት የምትቆይ ይመስልሃል? አደራ!»

እኔም አደራውን ተቀበልኩ።

እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ያደረጋችሁ ወይም የምታስቡ ካላችሁ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ሐኪማችሁ ደግሞ የራሳችሁን ይነግራችኋል። መጀመሪያ ውሃ ብቻ፣ ያውም በማንኪያ። ከዚያ የተጣራ ሾርባ። ከዚያ ወፈር ያለ፣ ቀጥሎ እንደ ሕፃን ምግብ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ። ወደ ተራ ምግብ ስትደርሱ እንቁላል፣ አይብ፣ ምስር፣ ዓሣ ይቀድማል፤ ጎመኑ ይከተላል፤ እንጀራ መጨረሻ ነው፣ ቦታ ከቀረ። ሆድ ውስጥ ያብጣልና አስካለ አውራ ጣት የምታህል ነበር የምትቆርሰው። ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ለስላሳ መጠጥ የለም። አንድ ቀን ባቅላባ አምሯት ቀምሳ ላብ አጠመቃት፣ ልቧ እየመታ መሬት ላይ ተኛች። ቫይታሚኑ ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው፤ ተሻለኝ ተብሎ አይተውም።

ጁስ መፍጫው ጠዋት ጠዋት ይጮሃል። አንድ ቀን አከራያችን በሩን ደበደበችው። ግብፃዊት ናት፤ ዐረብኛዋ ፈጣን፣ የእኔ ስብርብር።

«ምንድነው ይሄ ጩኸት?»

«ሾርባ ነው።»

«ለሕፃን? ሕፃን አይገባም አላልኩም?»

«ለእህቴ ነው።»

«እህትህ ጥርስ የላትም?»

«ጥርስ አላት። ጨጓራ ነው የሌላት።»

ትንሽ አሰበች። «ቢሆንም» አለች፣ «ለግማሽ ሰው የኪራይ ቅናሽ የለኝም።»

አስካለ አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች፤ ቁስሏን ይዛ «አታስቁኝ፣ ተዉኝ» እያለች።

ከባዱ እማዬ ነበረች። በቪዲዮ ስትደውል ትልቁን ሰሃን ሞልተን ፊታችን እናስቀምጣለን፤ የምበላው እኔ ነኝ። ግን የእናት ዓይን ሰሃን አያይም፤ ጉንጭ ነው የሚያየው። «አስኩ ከሳሽብኝ» ትላለች። «ኪሩ፣ አጉርሳት እስኪ፣ እኔ እያየሁ!» እኔም የጣቴን ጫፍ የምታህል አዘጋጅቼ አጎርሳታለሁ። «ይሄ ምንድነው? ለዶሮ ነው?» ትጮሃለች እማዬ ከሰበታ። ስልኩ ሲዘጋ አስካለ አፍንጫዋን እየጠረገች የሱሉልታን እርጎ ታወራለች። እዚህ በፕላስቲክ የሚሸጠው ላም አይቶ የሚያውቅ አይመስላትም።

እየቀለለች ሄደች። ስኳሯ ወረደ። ደረጃ ወጣች። ወደ ቀን ፈረቃም ተዛወረች። አንድ አርብ ሚዛን ላይ ቆማ «ኪሩ! ሰባ ስምንት ገባሁ!» ብላ ጎረቤቱን ቀሰቀሰች።

ያን ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ ማቋረጫው ላይ መኪና ገጫት። ፖሊሱ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው አለኝ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ዕቃዋን ሆስፒታል ውስጥ በፌስታል ሰጡኝ። የምሳ ዕቃዋን እዚያው ወንበሩ ላይ ከፈትኩት። እንቁላሉ አልቋል። ከአይቡ ሁለት ማንኪያ የሚሆን ቀርቷል። ከጎኑ የተጨማደደ ሶፍት።

የካርጎ ቢሮው ልጅ ኮምፒውተሩን እያየ «ክብደት?» አለኝ።

«ሰባ ስምንት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ። አርብ ተመዝናለች።»

ቀና አለ። «ወንድሜ፣ ከነሳጥኑ ነው የምፈልገው።»

ሳቅ መጣብኝ። እሷ ብትኖር እንዴት እንደምትስቅ አወቅሁና ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ። ልጁ ውሃ አመጣልኝ።

አብሬያት አልሄድኩም። ሥራ አግኝቼ መኖሪያ ፈቃዴ ገና በሂደት ላይ ነበር፤ ከወጣሁ መግቢያ የለኝም። ቡራዩ ያለችው አክስቴ ጫልቱ «አንተም ሥራ ፈትተህ ከመጣህ እናትህን ማን ያያታል? ቆይ» አለችኝ። ቆየሁ። የእህቴን ቀብር በአክስቴ ስልክ አየሁት፤ የሰው ጀርባና ጃንጥላ ነበር።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ አመሻሹ ላይ አክስቴ ደወለች።

«ኪሩዬ፣ እናትህ እህል አልቀመሰችም። ከውሃ በቀር ምንም! ምን ይሻለናል?»

«ምን ትላለች?»

ስልኩን ኦቦ ቶሎሳ ተቀበሏት። «ምን ትላለች ትላለህ? ልጄ በረሃብ ሞታ እኔ ልጉረስ ነው የምትለው። አሠሪዎቿ አስርበዋት ነው ያለ አለ፣ ኩላሊቷን ወስደውባት ነው ያለ አለ። አሁን ግን ድንኳኑ በሙሉ በረሃቡ ተስማምቷል። አዙሯት መኪና ስር ገባች ነው የሚሉት። ዕድሩ ለመናት። እኔም ተንበርክኬ ለመንኳት፤ ጉልበቴን ታውቀዋለህ፣ ያነሱኝ ሁለት ሰዎች ናቸው።»

«እማዬን ያቅርቡልኝ ኦቦ ቶሎሳ። ብቻዋን።»

ድምፁ ራቀ፣ በር ተዘጋ። የእማዬ ፊት መጣ። ጉንጯ የአስካለን ይመስል ነበር፣ የመጨረሻውን።

ነገርኳት። እየተንተባተብኩ፣ ከመጀመሪያው። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ስኳሯ፣ ስለ ሐኪሙ።

«ጨጓራዋን አወጡት?»

«አብዛኛውን።»

«እሷ ፈቅዳ?»

«ፈቅዳ። እየሳቀች ነው የገባችው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አደራ ብላኝ ነው።»

«እኔስ አደራ አላልኩህም?» አለች። «እንዳትራብብኝ አላልኩህም?»

«አልተራበችም እማዬ። ጠዋት አብረን በልተናል። ምሳዋንም በልታለች። ዕቃውን እኔ ነኝ የከፈትኩት፤ አይቡ ቀርቷል።»

«ምግብ የሚያስተርፍ ሰው ያልተመቸው ነው።»

«ለእሷ አይደለም። ስትጠግብ አፍንጫዋ ይፈስ ነበር። ሶፍቱ እዚያው ነበር።»

ያመነችኝ አይመስለኝም። ጣሪያው ላይ ዝናብ ይሰማኝ ነበር፣ የእኛ ቆርቆሮ። እኔም ሐሙስ ማታ ምናልባት አዙሯት ይሆን ብዬ እንዳሰብኩ፣ ዕቃውን ከፍቼ ባላይ ኖሮ እስከ ዛሬ እንደማስብ ልነግራት ፈልጌ ተውኩት።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሱቋ ውስጥ ሆና ስለ ምሳችን እንደምትጠይቀኝ፣ «ያን ጊዜ… ያወጡላት ጊዜ… መጀመሪያ ምን በላች?» አለች።

«ምንም። ውሃ በማንኪያ።»

«ከዚያስ?»

«የተጣራ ሾርባ።»

«የምን?»

«የምስር። እኔ ነኝ የምሠራላት።»

«አይበዛባትም?»

«አንድ ማንኪያ ጠጥታ ታስቀምጠዋለች። ትጠብቃለች። ደግሞ አንድ።»

«እንደ አራስ ልጅ» አለች። ለብቻዋ ነው የተናገረችው። «አንተስ? በልተሃል?»

«አዎ» አልኩ። ውሸት ነበር።

«ነገ ጠዋት ደውል» አለችኝ። «እንዴት እንደምትጠጣ አሳየኝ።»

በነጋታው ጠዋት ተነስቼ ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ያን ሐሙስ እንዳለችኝ ምስሩን ከውሃ አውጥቼው ነበር፤ ማታ ስመለስ ግን የሚበላው ስላልነበረ በረዶ ውስጥ ከትቼው ነው የሰነበተው። ቀቀልኩት። ጁስ መፍጫውን አስነሳሁት። አከራያችን በሩን ከፈተች፤ ጸጉሯ አልተበጠረም፣ አፏ ለመናገር ተከፍቷል። ጠረጴዛውን አየች፣ የአስካለን አልጋ አየች፤ በሩን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

አጣርቼ በቡና ሲኒ ቀዳሁ። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ደወልኩ። አክስቴ ጫልቱ እዚያ የሠራችውን እሷም በሲኒ ይዛ እማዬ አጠገብ ተቀምጣለች።

«አንድ ማንኪያ» አልኩ። «ከጫፏ።»

እማዬ ማንኪያውን አየችው። «ይሄ ለዶሮ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ፣ ግን ጠጣችው። እኔም ጠጣሁ። ጨው ረስቻለሁ።

«ማንኪያውን አስቀምጪው። አሁን ጠብቂ።»

ሁለታችንም ማንኪያችንን አስቀመጥን። እዚያ ዝናቡ አባርቶ ከጣሪያው ይንጠባጠባል፤ እዚህ የአየር ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። አክስቴ ልትናገር ስትል እማዬ በእጇ ዝም አሰኘቻት። ስልኩ ላይ እየተያየን ቆየን።

«አሁንስ?» አለች።

«ገና ነው።»

ሲኒውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። እኔ ስልኩን የያዘውን የስኳር ዕቃ ያዝኩ፣ እንዳይወድቅ።

«አሁንስ፣ ኪሩ?»

ጊዜው ደርሶ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ ለመስማት ግን ትንሽ ዝም አልኩ።