መንገድ ዳር የታረደው ወይፈን

ባለፈው ቅዳሜ ሜልቦርን ውስጥ ማሪቢርኖንግ በሚባለው ሰፈር፣ በገበያ ማዕከሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የአንድ ሰው መኪና ራዲያተር ፈንድቶ እንፋሎቱ ሲትጎለጎል፣ ያ ጣፋጭ የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ዕቃዬን እንዳንጠለጠልኩ ደርቄ ቀረሁ። ይህን ሽታ የማውቀው ከደም ጋር ተቀላቅሎ ነው።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ አቋርጫለሁ ባለ ቀን አባቴ ፊቱን በቡጢ አበላሸው። ወንድሜም ከኖርዝ ሜልቦርኑ ቤታችን ወጥቶ ሰሜን ኩዊንስላንድ ገባ፤ ቻርተርስ ታወርስ በምትባል የድሮ የወርቅ ከተማ እየኖረ ማዕድን ውስጥ ይሠራል ተባለ። ቢደወልለት አያነሳም። አባቴ አንድ ምሽት እራቱን ገፋ አድርጎ "ሄጄ አመጣዋለሁ" አለ። እናቴ የሥራ ሺፍት ነበረባትና እኔ አብሬው ሄድኩ፤ ለእኔ ከሆነ በሩን ይከፍታል ተብሎ ነው።

አውስትራሊያ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነች የገባኝ ያኔ ነው። እንነዳለን፣ እናድራለን፣ ደግሞ እንነዳለን፤ ያው ሣር፣ ያው ሰማይ። መንገዱ ዳር የተገጩ ካንጋሮዎች ሆዳቸው ተነፍቶ ይታያሉ። አባቴ መሪውን እንደ ጠላት አንገት አንቆ ይዞ ይነዳል። ወንድሜን ምን ልትለው ነው ብዬ ስጠይቀው "እንግዲህ አየዋለሁ" አለኝ። ደግሞ ይመታዋል ብዬ በጣም ፈራሁ።

በመጨረሻው ጠዋት፣ የማለዳ ፀሐይ ዓይናችን ውስጥ እየገባች፣ አንድ ወይፈን ከሣሩ ዘሎ መንገድ ገባ። ጓ አለ። መስተዋቱ ጭናችን ላይ ረገፈ። ስንወርድ የኋላ እግሮቹ ተሰባብረው፣ በፊተኞቹ ሊነሳ እየታገለ ያጓራል። የራዲያተራችን ውኃ አስፋልቱ ላይ እየጨሰ ይፈሳል። አባቴ ትንሽ ቆሞ አየው፤ ከዚያ የስንቁን ቢላዋ አወጣ። አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በጉልበቱ ተጫነና "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" ብሎ አረደው። የዳቦ ቢላዋ ነበርና ቶሎ አልቆረጠም። ደሙ እስከ ክርኑ ተረጨ።

"ሳይባረክ ከሞተ ጥንብ ነው" አለኝ እያለከለከ። "አሁን ባለቤቱ ሥጋውን ይበላል።" ለሰውዬው ውለታ የዋለለት መስሎት ነበር።

ባለቤቱ ብዙም ሳይቆይ መጣ። ከፒክአፑ ሲወርድ ያየው ከብቱን አጋድሞ ያረደ ጥቁር ሰው ነው። አባቴ ቢላዋውን ጥሎ ሊያስረዳ ቢሞክር እንግሊዝኛው በድንጋጤ ጠፋበት። ሰውዬው "ሌባ" እያለ በጠመንጃው ሰደፍ ፊቱን መታው፤ ሲወድቅም ደገመው። እየጮህኩ መሃላቸው ገባሁ፤ አፈ ሙዙ ደረቴ ላይ ነበር። የተጨፈለቀውን መኪናችንንና የተሰባበሩትን የከብቱን እግሮች ያስተዋለው ያኔ ነው። ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ተሳደበና "ሂዱ" አለን። አባቴ፣ ያ እጁ የማይመለሰው ሰው፣ ይህ ሁሉ ሲሆን እጁን አላነሳም።

ራዲያተሩን ውኃ እያጠጣን፣ እየቆምን ከተማዋ ደረስን። ከወርቁ ዘመን የቀሩ ሕንፃዎች ሰፊ በረንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ሰው ዞር እያለ ያየናል። ቤቱን ጠይቀን አንኳኳን፤ ወንድሜ በሩን ከፈተ። የአባቴን ያበጠ ዓይንና ደም የደረቀበትን ሸሚዝ ሲያይ እኔን ረሳኝ።

"ማነው የመታህ?" አለ። የመኪናውን ቁልፍ አንስቷል። "የት ነው ያለው ሰውዬው?"

አባቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። "ተወው። እኔ ከብቱን ገድዬበታለሁ" አለው። "አንተን ስመታህ ግን ምን አድርገኸኝ ነበር?"

ወንድሜ ቁልፉን አስቀመጠ። ከዚያ ሙቅ ውኃና ፎጣ አምጥቶ ተንበረከከና የአባቴን ፊት ማጠብ ጀመረ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ሕፃን ፊቱን ሰጥቶት አለቀሰ።

ያን ሁሉ መንገድ የነዳው ልጁን ሊያመጣ ነበር። ስንለያይ ግን አቅፎት ብዙ ቆየ እንጂ፣ ና አላለውም።