ለእማማ ዘነበች የተነፋው ጥሩምባ

የእድራችን ዕቃ ቤት ሲከፈት ቀድሞ የሚወጣው ሽታ ነው፤ የእርጥብ ሸራ፣ የአሮጌ ገመድ፣ የአይጥ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ካለፈው ክረምት ድንኳኑ እግር ላይ ተጣብቆ የቀረ ጭቃ ሽታ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ቱፋ ማረፋቸው ሲነገረኝ፣ የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝና ቁልፉን ይዤ ሄድኩ። በሩን ገፋ ሳደርገው ያ ሽታ መጥቶ ፊቴን መታኝ፤ ተማሪ ቤት የሚጠብቀኝ አስተማሪ መሆኔን ረስቼ እዚያው ደፉ ላይ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ።

እኛ የዚያ ሰፈር ልጆች፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ሰው ሲሞት ደስ ይለን ነበር። ሰው ሞተ ማለት ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ትልልቆቹ እኛን ለመቆጣት ጊዜ አጡ ማለት ነው። የሚያበስረንም ጋሽ ቱፋ ነበሩ፤ ቀን ቀን ጋሪ ይነዳሉ፣ ሰው ሲያርፍ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። የጭላሎ ተራራ ገና ጉሙን ሳያራግፍ፣ የገብሱ ማሳ ከከተማው ጫፍ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ያቺን የነሐስ ጥሩምባ ሦስት ጊዜ ነፍተው የሟቹን ስም ይጠራሉ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ። አማርኛው አጭር ነው፤ ስምና የቀብር ሰዓት። ኦሮምኛው ላይ ግን ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ፣ ስንት በሬ እንደጠመደ፣ ማንን እንዳስታረቀ ሁሉ ይጨምሩበት ስለነበር፣ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቀው ሰፈርተኛ የመጀመሪያውን ሰምቶ አይነሳም፤ ጋቢውን እንደተከናነበ ሁለተኛውን ይጠብቃል። እኛም በቆርቆሮ ጣሳ እየነፋን እሳቸውን እንመስል ነበር። የሒሳብ አስተማሪያችንን በዚያ ጣሳ ሦስት ጊዜ ቀብረናቸዋል።

ጥሩምባው ሲሰማ የሚሆነውን ማንም አያዝም ነበር። የየቤቱ ጎረምሳ ዶማና አካፋውን ይዞ ወደ ሐዘንተኛው ግቢ ይሄዳል፤ ገሚሱ ድንኳን ይተክላል፣ ገሚሱ ቤተ ክርስቲያን ወርዶ ጉድጓድ ይቆፍራል። ያልሄደ ጎረምሳ በሰፈሩ ውስጥ ቀና ብሎ መሄድ አይችልም፤ ሚስትም አያገኝ።

ዐሥር ዓመት በሆነኝ በዚያ ዓመት ለጦሩ ልጅ ይታፈስ ነበር። ገበያ የወጣ፣ ተማሪ ቤት በር ላይ የቆመ፣ ጋሪ ላይ የተሳፈረ ልጅ እየተለቀመ መኪና ላይ ይጫናል፤ ለእናቱ የሚነግራት የለም። ልጆቹ ጠፉ። አንዳንዱ ሲሬ ዘመድ ጋ ሄደ፣ አንዳንዱ ጢሻ ገባ፤ የእኔ ወንድም ታምራት፣ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ኮርኒስ ላይ ወጣ። ዐሥራ አንድ ቀን እዚያ ተኛ። እኔ በመሰላል እየወጣሁ በሶ አቀብለዋለሁ፤ እሱ አፍንጫው ላይ አቧራ ተለጥፎ ያሾፍብኛል። ቀበሌው ስብሰባ ጠራ፣ አንድ ወጣት አልመጣም። ስኳር እናድላለን አሉ፣ እናቶች ብቻ መጡ። የተጠየቀው ቁጥር አልሞላም ማለት ነው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር የእድራችን አባል ነበር። ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሯችንን ያልበላበት ሐዘን የለም። ልጆቻችንን ከኮርኒስ የሚያወርዳቸው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን የሚያውቀው ለዚህ ነው። አንድ ማለዳ ጋሽ ቱፋን ጠርቶ እማማ ዘነበች ዐርፈዋልና ይንፉ አላቸው። እማማ ዘነበች ከሰፈሩ ጫፍ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ታመው የከረሙ አሮጊት ናቸው። ደንቡ ጥሩምባ ነፊው አስቀድሞ ሟቹ ቤት ደርሶ ከቤተሰቡ አፍ እንዲሰማ ነው። ጋሽ ቱፋ ያን ቀን አልሄዱም፤ ሊቀ መንበሩን አምነው፣ ነፉ።

ታምራት ከኮርኒሱ ሲወርድ እናቴ እግሩን ያዘችው። «እማዬ፣ ቤተሰብ የላቸውም እኮ፤ ጉድጓዳቸውን ማን ይቆፍር?» አላት፤ ዶማውን ከበሩ ኋላ አንስቶ ወጣ። ከየጢሻው፣ ከየጎተራው እንደሱ የወጡት ሁሉ እማማ ዘነበች ግቢ ሲገቡ፣ ታጣቂዎቹ ከአጥሩ ጀርባ ተነሱ። መኪናው ቁልቁል ሲሄድ ድምፁን ሰምቻለሁ። እማማ ዘነበች እዚያው ቤታቸው ውስጥ፣ በር ላይ ሰው ቆሞባቸው፣ በሕይወት ተቀምጠው ነበር።

እናቶቹ ሲደርሱ ግቢው ውስጥ የቀረው ዶማና አካፋ ብቻ ነው። እያንዳንዷ እጀታውን እያየች የልጇን ለየች። እናቴ የኛን ይዛ ስትመለስ አላለቀሰችም፤ እኔ ግን ያን ዶማ ከዚያ ወዲህ ማየት አልወድም። ታምራት አልተመለሰም። የት እንደቀረ የነገረን መንግሥት የለም፤ ያም አልነገረን፣ ከዚያ ወዲህ የመጡትም አልነገሩን።

እማማ ዘነበች ከዚያ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ኖሩ። እናቴን ባዩ ቁጥር ባለመሞታቸው ይቅርታ ይጠይቁ ነበር፤ እናቴም እየሳቀች «እንኳን ኖሩልን» ትላቸዋለች፤ ዞር ብላ ደግሞ ታለቅሳለች። ጋሽ ቱፋ በሳምንቱ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው መጥተው በራችን ላይ ተንበረከኩ። እናቴ ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሳችላቸው። «ይነሱ ጋሽ ቱፋ። እርስዎን ያዘዘው መች ድንጋይ ተሸከመ?» አለች። ጥሩምባውን ለእድሩ መለሱ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው አፋቸው አላስነኩትም። ሊቀ መንበሩስ? መንግሥት ሲለወጥ ጥቂት ታስሮ ወጣ፣ ሱቅ ከፈተ፣ በመንገድ ሲያገኘኝ «እንዴት አደርሽ ልጄ» ይለኝ ነበር። ሲሞት ድንኳን ተክለንለት፣ የሰፈሩ ጎረምሶች ጉድጓዱን ቆፍረውለት፣ በወግ ተቀበረ።

እንግዲህ ማክሰኞ ድንኳኑን አውጥቼ ለጋሽ ቱፋ ቀብር ፈቃድ ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ። ዛሬ ሰው ለመቅበር ፈቃድ ይጠየቃል፤ በጸጥታ ምክንያት ብዙ ሰው አንድ ላይ መቆም ክልክል ነው። ዴስኩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ያስተማርኩት ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ።

«ቲቸር፣ የሚቆፍሩትን ወጣቶች ስም ዝርዝር ያምጡ። ከነዕድሜያቸው፤ ስልካቸውም ቢኖር።»

«ለጉድጓድ ዕድሜ ምን ያደርጋል?»

«እኔ ምን ላድርግ ቲቸር፣ ከላይ የመጣ ነው።»

ይህችን «ከላይ» የምትባል ቃል ልጅ ሆኜም አውቃታለሁ። ባለፉት ወራት ከባጃጅ ወርደው መኪና ላይ የተጫኑ ልጆች አሉን፤ እናቶቻቸው እስካሁን በየቢሮው ይንከራተታሉ። ወረቀቱን ተቀበልኩና የስድስት ሽማግሌዎችን ስም ጻፍኩ። ትንሹ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ልጁ አየኝ፤ ማኅተሙን መታ።

ልጄ ሮቤል ሃያ ሊሞላው ነው። ረቡዕ ጠዋት ለባብሶ፣ አካፋ ይዞ ሲወጣ አየሁት፤ አካፋውን ተቀብዬ፣ ወደ ክፍሉ መልሼ፣ በሩን ከውጭ ቆለፍኩበት። «እማ፣ ነውር ነው፣ ክፈቺ» እያለ ሲደበድበው ጥዬው ወጣሁ። ሰፈሩ ውስጥ እንዲህ ያደረግሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ መንገዱ ላይ አንድ ወጣት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ እያረፉ፣ እየሳሉ ቆፈሩ። ጉድጓዱ ወገብ ሳይደርስ የእድሩ ዳኛ ትንፋሽ አጥሯቸው ተቀመጡ፤ ዶማውን እኔ ተቀበልኳቸው። የአርሲ አፈር በበጋ ድንጋይ ነው። ቄሱ መጽሐፋቸውን ዘግተው እስክንጨርስ ጠበቁን።

በልጅነቴ ልጆቻችንን ከቤት ለማውጣት ሹሞቹ መዋሸት ነበረባቸው። በሐሰትም ቢሆን ሰው መሞት ነበረበት፤ ሰው ሞተ ከተባለ መውጣታችን አይቀርማ። ዛሬ ሰው በእውነት ሞተና ልጄን አላወጣሁትም። ማንም አልዋሸኝም፣ ማንም በሬ ላይ አልቆመም። አንድ ላይ እንዳንቆም ነበር የሚፈልጉት፤ ያንን ሠራሁላቸው፤ በገዛ እጄ፣ በገዛ ቁልፌ።

ከቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ሳይታጠብ ቤት አይገባም፤ ውኃ የሚያፈስለትም የቤቱ ልጅ ነው። ተመልሼ ለሮቤል በሩን ከከፈትኩለት በኋላ ደጅ ላይ ቆሜ ሁለት እጄን ዘረጋሁለት። ጆጉን አነሳ፣ የተላጠውን መዳፌን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠውና «ራስሽ ታጠቢ» ብሎኝ ገባ።