ቤዙን የተረከብኩበት ዓመት

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ ሃያን ገና መርገጡ። በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር የሚጫወተው እሱ ነበር። አንድ ቅዳሜ መናኸሪያ አካባቢ አፈሳ ሆነና ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ወደ ሰሜን ሄዱ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ሙሉ ምንም።

አሠልጣኛችን ጸሎት ቤታቸው ከመታሸጉ በፊት መዘምራን ይመራ የነበረ፣ ኦርጋን የሚጫወት ታጋሽ ሰው ነው። እኔ እዚያው ቡድን ውስጥ ተቀባይ ነበርኩ።

«ወንድምሽ ሲጫወት ስታዪ ኖረሻል፤ እስቲ ያዢው» አለኝ።

ያዝኩት። ከበሮ መቺው አየኝና «እኔ እንደሚታየኝ ጊታሩ ነው እሷን የያዛት» አለ።

የመጀመሪያው ወር መከራ ነበር። ዘፈኑ በየትኛው ድምፅ እንደተነሳ እፈልግና እሱኑ እስከ መጨረሻው እደጋግመዋለሁ፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። «እህቴ፣ ሚስማር ነው የምትመቺው?» ይለኛል ከበሮ መቺው። አሠልጣኙ ወንድሜ ያለበትን የልምምድ ካሴት ሰጠኝ።

ቤዝ በትንሽ ቴፕ አይለይም፤ ከበሮውና ኦርጋኑ ይውጡታል። ስለዚህ ቴፑን ጓሮ ያለው ባዶ የውሃ በርሜል ውስጥ አስቀምጬ፣ አንገቴን እዚያው ከትቼ ማዳመጥ ጀመርኩ። ወንድሜ ከበርሜሉ ሥር ወጣልኝ።

የሚገርመው ነገር፣ ብዙ አይጫወትም ነበር። የመጀመሪያውን ምት ይተወዋል፤ ሁሉም ሲጠብቀው ዘግየት ብሎ ይገባል። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው አይዘልም፤ ከሥር ተነስቶ ቀስ እያለ ይጠጋዋል። ድምፃዊው ትንፋሽ ሲወስድ እሱ ሁለት ሦስት ቃል ያህል ይናገራል፣ ድምፃዊው ሲመለስ ዝም ይላል። ይህን ሁሉ ስሙን ሳላውቅ ሸመደድኩት። አዝማቹ ሊመለስ ሲል የምትሰማውን፣ ዝርር የምትል ድምፅ እንኳ አልተውኩም።

ስለ አዝመራ የምንዘፍነውን ዘፈን በዚያ ቤዝ በተለማመድን ቀን፣ የአዳራሹ በር በኃይል ተከፈተ። እማዬ ናት። ቤታችን ከአዳራሹ ሁለት አጥር ብቻ ነው የሚርቀው። ጫማ አላደረገችም፤ እጇ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ ነው። ፊታችንን አንድ በአንድ አየች፣ ከዚያ ጊታሩን፣ መጨረሻ ላይ የያዘውን ሰው።

«መጣ ብዬ» አለችና ተመለሰች።

ማታ፣ «እማዬ፣ የምጫወተው እኔ መሆኔን ታውቂ የለም እንዴ?» አልኳት።

«አውቃለሁ። እግሬ ነው ያላወቀው። ያቺን ዝርር የሚያደርጋት እሱ ብቻ ነው። ጣቱ እዚያ ጋ ይስታል። እሑድ እሑድ ድምፁ እንዲጎላለት ጊታሩን ከቁም ሳጥኑ አስደግፎ ሲለማመድ፣ እዚያች ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ በገዛ እጁ ይናደድ ነበር።»

እኔ ሙያ ነው ብዬ የቀዳሁት ስህተቱን ነበር።

ዝርሯን ተውኳት፤ እማዬ ግን ድጋሚ መጣች። ቤዝ ግድግዳ አያግደውም፤ ግጥሙ እቤት ሳይደርስ እሱ ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን አልገባችም፤ ከበሩ ሥር ጥላዋን አየሁት፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተነቃነቀም። እውነቱን ለመናገር እኔም መተው ከብዶኝ ነበር። እዚያ ዘፈን ላይ ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው ይሄዳሉ፤ ከኋላዬ የቆመ ሰው ያለ ይመስለኝና ዞር ማለት እፈራለሁ፣ እንዲሄድም አልፈልግም። ግን እናቴ በሳምንት ሦስቴ ልጇን አገኘሁ ብላ ስትሮጥ፣ በሳምንት ሦስቴ ስታጣው እንዴት ልይ?

«ጋሼ፣ ቤዙን ልቀይረው» አልኩት አሠልጣኙን።

«የወንድምሽ እኮ ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ስለሆነ ነው።»

«እንግዲያው እጅሽን ሳይሆን ድምፃዊውን ስሚ» አለኝ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እሱ የሚተወውን ምት እኔ ረገጥኩት። እሱ ከሥር ሲወጣ እኔ ከላይ ወረድኩ። አዝማቹ ላይ ድምፃዊውን አጅቤ ሄድኩና ከእሱ በፊት ቆምኩ፤ የመጨረሻዋን ቃል ድምፃዊው ብቻውን ይዝፈናት አልኩ። መጀመሪያ አብረን ስንሞክረው ከበሮ መቺው እጁን አቆመ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ይሄን ይዘሽ ነው ሚስማር ስትመቺ የከረምሽው?»

ሁለቴ ደገምነው። ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ማንም አልመጣም፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ሲራመድ ብቻ ይሰማል። የፈለግኩት ይህንኑ ነበር፤ ልምምዱ ሲያልቅ ግን በሩን ከፍቼ ውጭውን አየሁ።

እቤት ስደርስ እማዬ ልብስ ታሰጣለች።

«ሰማሽን?» አልኳት።

«ሰማሁ። ሌላ ሰው ነው።»

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አዎ» አለች፣ ፊቷን ከገመዱ ሳታዞር። «አንቺ ነሽ።»

ወንድሜ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ያን አዲስ ቤዝ በሰማች ማግሥት ከትምህርት ቤት ስገባ እማዬ ከጎረቤት መፍቻ ተውሳ የወንድሜን አልጋ ፈታትታዋለች። ጋሪ ጠራችና ቱላ መንደር ላለችው እህቷ ላከችው።